ለእንግዳ የሚታየውና የማይታየው

እንግዳን መቀበል ለኢትዮጵያዊ ከመጽሐፍ የተማረው ሥርዓት አይደለም፤ ከእናቱ ጡት ጋር የጠባው ልማድ ነው። መንገደኛ ሲመሽበት ከማያውቀው ሰው ደጅ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ» ይላል። ባለቤቱም ማንነቱን ሳይመረምር ያስገባዋል፥ እግሩን ያጥበዋል፥ ቤት ያፈራውንም ያቀርብለታል። «ቤት ያፈራውን» የምትለው ንግግር ትንሽ ብትመስልም ከፍ ያለ ምሥጢር አለባት። ባለቤቱ የሌለውን አለኝ አይልም፤ ያለውንም አይሸሽግም። ያለው ሽሮ እንደ ሆነ ሽሮ ነው ብሎ ያቀርባል፤ እንግዳውም ሽሮ መሆኑን አውቆ ይበላል። በመካከላቸው ሐሰት ስለሌለ ማዕዱ ይጣፍጣል።

ነገር ግን እንግዳው የአንድ ቤት እንግዳ መሆኑ ቀርቶ የከተማና የአገር እንግዳ ሲሆን፥ ተቀባዩም ደመወዝ የሚቈረጥለት አስጎብኚ ወይም የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሲሆን፥ ይህ የቆየ ሥርዓት ምን ይሆናል? ቤት ያፈራውን ሁሉ እናሳየው ዘንድ ይገባልን? ወይስ መልካም መልካሙን መርጠን የቀረውን ከመጋረጃ በስተጀርባ እናቆየው? አገራችን በ1954 ዓ.ም. የቱሪስት ድርጅት አቋቁማ፥ በአቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ መሪነት «የ13 ወር ጸጋ» የሚለውን ስም ለዓለም ካሰማች ወዲህ፥ እንግዳን ማስጎብኘት ለብዙ ሰው እንጀራ ሆኗል። ስለዚህ ጥያቄው የፈላስፎች ብቻ አይደለም፤ ጧት ተነሥቶ መኪና የሚያስጠብቀው አስጎብኚም ጥያቄ ነው።

በተራራ ላይ የተሠራ ከተማን ማስጎብኘት የራሱ ጥበብ አለው። እንደ ሊዝበንና እንደ ሪዮ ዴ ጃኔሮ ያሉት የባሕር ጠረፍ ከተሞች እንግዳቸውን ከኮረብታ ላይ አውጥተው ውሃውን ያሳዩታል። አዲስ አበባ ባሕር የላትም፤ ነገር ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ካለው ከእንጦጦ ራስ ላይ ሆነው ቁልቁል ሲመለከቷት፥ የቤቷ ቆርቆሮ በፀሐይ እያብለጨለጨ፥ ራሷ እንደ ባሕር ተዘርግታ ትታያለች። እኔም ከምኖርበት ከሲግናል ሠፈር ጧት ጧት ወደ ሰሜን ቀና ባልሁ ቍጥር የየካንና የእንጦጦን ተራሮች አያለሁ። ባየኋቸውም ቍጥር አንድ ነገር ትዝ ይለኛል።

የእንጦጦ ፓርክ ገና ሳይከፈት፥ ለሥራ ጉዳይ ወደ ከተማችን ለመጡ የውጭ አገር ሰዎች የአንድ ቀን የጉብኝት ፕሮግራም እንዳዘጋጅ ታዘዝሁ። እኔም ሰዓቱን በደቂቃ ቈጥሬ ጻፍሁ፤ በመጀመሪያ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ገብተን ድንቅነሽን ማየት፥ ከዚያ በስድስት ኪሎ የሰማዕታቱን ሐውልት መጐብኘት፥ ቀጥሎ በሽሮ ሜዳ የሸማ ሥራ መመልከት፥ በመጨረሻም ወደ እንጦጦ ማርያም መውጣት። በወረቀቱ ላይ ያልጻፍሁት አንድ ሐሳብ ግን ነበረኝ፤ ይኸውም የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው ከተራራው የሚወርዱት ሴቶች መንገዱን ከመሙላታቸው በፊት እንግዶቹን ከላይ ለማድረስ ነው። ፕሮግራሜ የተቈጠረው ለሚታየው ብቻ ሳይሆን ለማይታየውም ጭምር ነበር።

እንግዶቹ ሙዚየሙን ወደውት ዘገዩ። ከሽሮ ሜዳ በላይ ዳገቱን ስንጀምር ሴቶቹ ቁልቁል መጡ። ጐንበስ ብለው፥ ከቁመታቸው የሰፋ ሸክም በገመድ ከጀርባቸው አስረው፥ ዐይናቸውን ከመሬት ሳያነሡ ይራመዱ ነበር። ሸክሙ ብዙ ጊዜ 30 ኪሎና ከዚያም በላይ ነው። መኪናችን ጥግ ይዞ ቆመ። አንደኛው እንግዳ ፎቶግራፍ ማንሻውን እያዘጋጀ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ሳላስብ፥ በእርሱ ቋንቋ፥ «የአገራችን ባህል ነው» አልሁት።

ከሴቶቹ መካከል በዕድሜ እናቴን የሚያክሉ አንዲት እናት ሸክማቸውን ከድንጋይ ላይ አስደግፈው ላባቸውን ይጠርጉ ነበር። የተናገርሁትን ቋንቋ አላወቁትም፤ ነገሩ ስለ እርሳቸው መሆኑን ግን ዐወቁ። «ልጄ፥ ምን አልካቸው?» ብለው ጠየቁኝ። ያንን ቃል በአማርኛ ልደግመው አልቻልሁም። «እንግዶቹ ሰላም ብለዎታል፥ እማማ» ብዬ ሁለተኛ ዋሸሁ። እርሳቸውም ፈገግ ብለው «እግዜር ይስጥልኝ፤ እንኳን ደኅና መጣችሁ በላቸው» አሉና ሸክማቸውን አንሥተው ወረዱ። በዚያ ቀን አገሬን ወክዬ እንግዳ የተቀበልሁ መስሎኝ ነበር፤ ነገር ግን እንግዶቹን የተቀበሉት እርሳቸው ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ ለምን ዋሸሁ እያልሁ ኅሊናዬን ስመረምር ቆይቻለሁ። መጀመሪያ ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ገመናን መሸፈን ጨዋነት ነው የሚል ነበር። ይህ ምክንያት ሊናቅ አይገባም። ጨዋ ሰው የቤተ ሰቡን ጠብ በእንግዳ ፊት አያወጣም፤ የታመመች እናቱንም ለመጣው ሁሉ አይገልጥም። ሆኖም መሸፈን ሌላ ነው፥ ማታለል ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1787 ንግሥተ ነገሥታት ካትሪን ወደ ክሪሚያ ስትጓዝ፥ ፖቴምኪን የተባለው መስፍን በመንገዷ ዳር የሐሰት መንደሮች አቆመ እየተባለ ይወራል። የታሪክ ሊቃውንት ወሬው ተጋንኗል ይላሉ፤ ቢሆንም ስሙ እስከ ዛሬ ለሽንገላ ሁሉ ምሳሌ ሆኖ ቀርቷል። ሽንገላ ከእንግዳው ይልቅ ባለቤቱን ይጐዳዋልና፤ ለእንግዳ ብሎ የሸፈነውን ነገር ውሎ አድሮ እርሱ ራሱም ማየት ይተዋል።

ታዲያ ተቃራኒው ይሻላልን? ሁሉን ገልጦ ማሳየት ብቻውን እውነተኛነት ነውን? በሪዮ ዴ ጃኔሮ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ በኮረብታ ላይ የሚገኙትን የድኾች ሠፈሮች በመኪና እያዞሩ የሚያሳዩ አስጎብኚዎች ተነሥተዋል። አንዳንዱ ሰው ይህ የተረሳውን ሕዝብ ያስታውሳል ሲል፥ ሌላው ደግሞ ድኽነትን እንደ አራዊት መመልከቻ ስፍራ አድርጎ መሸጥ ነው እያለ ይነቅፋል። ከእኛም ወገን ምሳሌ አለ። ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1908 በሮማ ከተማ ለመንገደኞች መሪ የሚሆን መጽሐፍ በፈረንሳይኛና በአማርኛ አሳትመው፥ በጭውውት መልክ የአገራቸውን አስተዳደር ጉድለት ለባዕድ ሳይሸፋፍኑ ተናገሩ። ከተናገሩት ብዙው እውነት ይሆናል። ነገር ግን እኚሁ ሰው በወረራው ዘመን ለጠላት ማደራቸውን ስናስታውስ፥ እውነት የሚነገርበት ቃል ብቻ ሳይሆን ተናጋሪው የሚቆምበትም ስፍራ እንደሚመረመር እንረዳለን። ከወገኑ ጋር ቆሞ የሚናገር ሰውና ወገኑን ከሩቅ እየጠቆመ የሚናገር ሰው አንድ ቃል ቢናገሩም አንድ ነገር አልተናገሩም።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር ልጥቀስ። በዚያው ቀን፥ ከአንድ ሰዓት ያህል በፊት፥ በስድስት ኪሎ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የፈሰሰውን ደም ለእንግዶቹ ያለ አንዳች ኀፍረት ተርኬ ነበር። በሐውልቱ ላይ የተቀረጸውን ግፍ እያንዳንዱን በጣቴ አሳይቻለሁ። ታዲያ ያንን ቍስል ያሳየች ጣት ስለ ምን በዳገቱ ላይ ታጠፈች? መልሱን ያገኘሁት ዘግይቼ ነው። ጠላት ያቈሰለን ቍስል ክብር ስለሚሆንልን እናሳየዋለን፤ እኛ ራሳችን ሳናክመው የተውነውን ግን ስለሚወቅሰን እንሸሽገዋለን። የጠበቅሁት የእነዚያን እናት ክብር አልነበረም፤ የራሴን ምቾት ነበር።

ደግሞስ የተሸሸገው ነገር በእውነት የሚያሳፍር ነበርን? ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ፥ አዲስ አበባ በእቴጌ ጣይቱ ስሟን ካገኘች ጥቂት ዓመታት ብቻ ሆኗት ነበር። ከተማዪቱ ስትሰፋ በአካባቢዋ የነበረው ዛፍ አለቀ፤ ማገዶም ጠፋ። ንጉሠ ነገሥቱ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ተተክሎ ፈጥኖ ባይበቅል ኖሮ ዛሬ የምንኖርባት ከተማ በዚህ ስፍራ ጸንታ መቆየቷ አጠራጣሪ ነበር። ይህን ታሪክ አስጎብኚ ሁሉ ይተርካል። ነገር ግን ዛፉ በእግሩ አልወረደም፤ በሴቶች ጀርባ ተጭኖ ወረደ። እንጀራ የተጋገረበት፥ ጠላ የተጠነሰሰበት፥ የክረምት ብርድ የተረታበት እሳት፥ ለብዙ ዓመታት ከዚያ ዳገት በሸክም የመጣ ነበር። ስለዚህ ለእንግዳዬ እውነተኛው መልስ እንዲህ የሚል መሆን ነበረበት፤ «እነዚህ እናቶች ከተማዪቱን አሙቀው ያኖሩ ናቸው። ከተማዪቱ ግን ዋጋቸውን ገና አልከፈለቻቸውም።» ይህ ቃል ገመና አያወጣም፤ ክብርም አይነሣም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ለራሴ ያወጣሁት መመዘኛ አንድ ነው፤ ለእንግዳ በባዕድ ቋንቋ የምነግረውን ነገር፥ የሚነገርለት ሰው አጠገቤ ቆሞ «ምን አልካቸው?» ቢለኝ፥ ሳላፍር በአማርኛ ልደግምለት እችላለሁን? ከቻልሁ ልናገረው፤ ካልቻልሁ ግን ወይ ሐሰት ነው፥ ወይ ስድብ ነው። ይህ መመዘኛ ሸሻጊውንም አጋላጩንም እኩል ይይዛል። የሚታየው ሰው ዕቃ አለመሆኑን፥ እርሱም ከባለቤቶቹ አንዱ መሆኑን ያስታውሳልና።

ዛሬ ያንን ፕሮግራም እንደገና ባዘጋጅ ሥርዓቱን እለውጠዋለሁ። ጉብኝቱን ከላይ ጀምሬ፥ ከተማዪቱ ራሷ ከእንጦጦ ወደ ፍል ውሃ እንደ ወረደች፥ እንግዶቼን ቁልቁል ይዣቸው እወርዳለሁ። የተራራው አየር ስስ ስለሆነ ከቆላ የመጣ ሰው ትንፋሹ ያጥረዋል፤ ስለዚህ አላጣድፋቸውም፥ የመንገዱንም እኩሌታ በእግር አስኬዳቸዋለሁ። በእግሩ የሄደ ሰው ስለ ሸክም ሲነገረው በጉልበቱ ይሰማዋል። ፎቶግራፍ ከመነሣቱ በፊት የሚነሣው ሰው ይጠየቃል፤ አይሆንም ካለም ቃሉ ይከበራል። የሸማኔውንም ሥራ ያየ እንግዳ ዋጋውን ለሸማኔው ለራሱ እንዲከፍል አደርጋለሁ።

በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ በተራራው ላይ ብዙ ነገር ተለውጧል፤ ዛሬ እንግዳም ባለአገርም በጥርጊያው መንገድ እየተናፈሰ ይውላል። መልካም ነው። ነገር ግን መንገዱ ባማረ ቍጥር ቀድሞ በዚያ ማን ይወርድበት እንደ ነበረ የመናገር ዕዳችን አይቀልም። የምኖርበት ሠፈር ስም፥ ሲግናል የሚለው ባዕድ ቃል፥ ትርጓሜው ምልክት ማለት ነው። አስጎብኚም ለእንግዳው ምልክት ነው፤ ጣቱ ወደ ጠቆመበት የእንግዳው ዐይን ይከተላልና። እንግዲህ ጣታችንን ወዴት እንደምንጠቁም እንጠንቀቅ። ቤት ያፈራውን ስናቀርብም፥ ያንን ያፈራው የማን ጀርባ እንደ ሆነ አብረን እንናገር።