ወደ በረዶው ተራራ ለሚወጡ

በሉቃስ ወንጌል በ14ኛው ምዕራፍ ጌታችን ግንብ ሊሠራ ስላሰበ ሰው ይናገራል። ያ ሰው መሠረቱን ከመጣሉ በፊት ተቀምጦ ያለው ገንዘብ እስከ ፍጻሜው ይበቃው እንደ ሆነ መቍጠር ይገባዋል። እኛም በካምፓላ ሆነን ወደ ርዌንዞሪ ተራራ ለመውጣት በምንሰናዳበት ጊዜ ይህን ቃል በፊታችን አድርገነዋል።

ተራራው በኡጋንዳና በኮንጎ ወሰን ላይ ይገኛል። ማርጋሪታ የሚባለው ጫፍ 5109 ሜትር ከፍታ ስላለው ከራስ ዳሸን ከ500 ሜትር በላይ ይበልጣል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1906 ዓ.ም. የኢጣልያው መስፍን ሉዊጂ አሜዴዎ ከባልንጀሮቹ ጋር መጀመሪያ ወጣበት። በዚያን ዘመን ከ6 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ስፍራ ይሸፍን የነበረው የበረዶ ግግር፥ ምድር እየሞቀች በመሄድዋ ዛሬ ከ1 ካሬ ኪሎ ሜትር ያነሰ ሆኖአል። የቀረው በረዶም ጥልቅ ስንጥቅ አለበትና ሊፈራ ይገባዋል።

የዕቃው ነገር ብዙ አያስቸግርም። ለረግረጉ የላስቲክ ቦት ጫማ፥ ለበረዶው ከጫማ ሥር የሚታሰር ባለ ጥርስ ብረት፥ የበረዶ መጥረቢያ፥ ገመድ፥ ዝናብ የማያሳልፍ ልብስ ያስፈልጋል፤ ይህን ሁሉ በገንዘብ ማግኘት ይቻላል። መንገዱንም ከልጅነታቸው ጀምሮ ተራራውን የሚያውቁት የባኮንዞ ሰዎች ይመራሉ።

በገንዘብ የማይገኘው ግን ትንፋሽ ነው። በጫፉ ላይ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው ከግማሹ ብዙም አይበልጥም። የደጋ ልጆች ስለ ሆንን ከፍታ አይበግረንም ብለን እንመካ ይሆናል። ነገር ግን ካምፓላ 1200 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ በአዲስ አበባ ከፍታ የለመደ ሰውነትም ዝቅ ባለ ስፍራ ሲቀመጥ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከልማዱ ብዙውን ይተዋል። እስራኤል ለነገ ብለው ያሳደሩት መና እንደ ተበላሸ፥ የአምናው ብርታትም ለዘንድሮ አይሆንም። ስለዚህ ከ3000 ሜትር በላይ ስንደርስ የማደሪያችንን ስፍራ በቀን ከ500 ሜትር በላይ ከፍ ልናደርግ አይገባንም፤ በየሦስት ወይም በየአራት ቀንም አንድ ቀን እናርፋለን። ጕልማሳ ነኝ ብሎ መቸኰል አይጠቅምም፤ የከፍታ ሕመም ብርቱውንም ደካማውንም ይይዛልና።

ሕመሙ በራስ ምታት፥ በማቅለሽለሽ፥ እንቅልፍ በማጣት ይጀምራል። በዚህ ጊዜ ወደ ላይ መውጣት ትቶ ባሉበት መቈየት ይገባል፤ ካልተሻለም መውረድ ነው። ሰውዬው እንደ ሰካራም ቢንገዳገድ፥ ቃሉ ቢዘባረቅ፥ ወይም ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ ቢያጥረው፥ ሌሊትም ቢሆን ሳይዘገዩ ማውረድ ነው፤ ንጋትን መጠበቅ ሊገድለው ይችላል።

እንግዲህ ከሁሉ የሚከብደው ዝግጅት ይህ ይመስለናል፤ ይኸውም ታምሜአለሁ ብሎ ለመናገር አስቀድሞ መቍረጥ ነው። ብዙ ገንዘብ የከፈለ፥ ለወዳጆቹም እወጣለሁ ብሎ የተናገረ ሰው ራስ ምታቱን ይሸሽጋል፤ ሲጠይቁትም ደኅና ነኝ ይላል። በበረዶው ላይ ግን ሁሉም በአንድ ገመድ የታሰሩ ናቸው። አንዱ ወደ ስንጥቁ ቢወድቅ የቀሩት ሊይዙት ይገባል፤ ራሱን እያዞረው ዝም ያለው ሰው ግን ባልንጀራውን መያዝ አይችልም። በማኅበራችንም እንዲሁ አይደለምን? ኀጢአቱን ሸሽጎ በመዝሙርና በጸሎት ከእኛ ጋር የሚቆም ሰው በብቻው የሚጐዳ ይመስለዋል። እኛም ደግሞ ደካማውን በማፈርና በሐሜት ስለምንቀበለው መሸሸግን አስተምረነዋል፤ በዚህ ነገር ተጠያቂው ታማሚው ብቻ አይደለም። ጌታችን ወደ በሽተኞች የመጣ ባለ መድኃኒት መሆኑን እየሰበክን፥ በመካከላችን በሽተኛ ሲገኝ ለምን እንደነግጣለን?

ስለዚህ ከካምፓላ ሳንነሣ በአንድነት ተቀምጠን ይህን እንነጋገር። ተመለሱ የሚለው የመሪው ቃል ያለ ክርክር ይፈጸም። የታመመም ብቻውን አይወርድምና፥ ጫፉን ሳያይ ከእርሱ ጋር የሚመለሰው ማን እንደ ሆነ ዛሬውኑ በስሙ እንወስን።