በነገሥታት ስም መካከል ያሉ እናቶች

(ማቴ. 1፥1-17፤ ኢያ. 2፤ 2ኛ ሳሙ. 21፥1-14)



ቅዱስ ማቴዎስ ወንጌሉን የሚጀምረው በስም ዝርዝር ነው። ከአብርሃም ተነሥቶ፣ በዳዊትና በነገሥታቱ በኩል አልፎ፣ እስከ ዮሴፍ ድረስ አባትን ከልጅ እያያያዘ ይወርዳል። ይህ ምንባብ በቤተ ክርስቲያን ሲነበብ ብዙዎቻችን እስኪያልቅ እንጠብቃለን እንጂ ልብ ብለን አንሰማውም። ልብ ብሎ ለሚሰማው ግን በዚያ የወንዶች ሐረግ መካከል 5 ሴቶች ይገኛሉ፤ እነርሱም ትዕማር፣ ረዓብ፣ ሩት፣ የኦርዮ ሚስት የነበረችው ቤርሳቤህ፣ በመጨረሻም እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም ናቸው። ከእነዚህም ረዓብ ከነዓናዊት፣ ሩት ሞዓባዊት ነበሩ። ወንጌላዊው ቢተዋቸው ኖሮ በዘመኑ ልማድ ሐረጉ ጎደለ የሚል አልነበረም። እርሱ ግን የመድኃኒታችን መምጫ በእነዚህ ሴቶች ሕይወትና ውሳኔ በኩል እንዳለፈ እንድናውቅ ወዶ ስማቸውን አስገባ።

የአገራችንም ታሪክ የሚነገረው እንዲሁ በነገሥታት ስም ነው። እገሌ እገሌን ተካ፣ እገሌ በእገሌ ላይ ዘመተ እየተባለ ይቈጠራል። እኛ በደሴና በኮምቦልቻ የምንኖር ምእመናን ግን በዚያ ቈጠራ መካከል የቆሙትን እናቶች ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የምንኖርባት የወሎ ምድር ራስዋ ትመሰክራለችና።

ከሁሉ አስቀድመን የወይዘሮ ወርቂትን ነገር እናስብ። በ1857 ዓ.ም. በሰኔ ወር የሸዋው ንጉሥ የኃይለ መለኮት ልጅ ምኒልክ፣ 10 ዓመት ያህል በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ከቆዩ በኋላ፣ በሌሊት ከመቅደላ አምባ ወርደው አመለጡ። ገና የ20 ዓመት ወጣት ነበሩ። ከአምባው እንደ ወረዱ የገቡት በወይዘሮ ወርቂት ግዛት ነበር። ወይዘሮ ወርቂት ከወሎ እስላም መሳፍንት ወገን የሆኑ፣ በልጃቸው ስም አገር የሚያስተዳድሩ እመቤት ነበሩ። ያ ልጃቸው አመዴ ግን በዚያች ሰዓት በመቅደላ ላይ የዐፄ ቴዎድሮስ እስረኛ ነበር።

እንግዲህ የዚህችን እናት ጭንቅ አስቡት። በደጃፋቸው የቆመው ስደተኛ የሌላ ሴት ልጅ፣ የሌላ አገር፣ የሌላ ሃይማኖት ሰው ነው። እርሱን ለንጉሡ ቢመልሱ የራሳቸውን ልጅ ሊያስለቅቁ ይችላሉ። ይህን ልውውጥ አስበውት ነበር ብለው የሚተርኩ አሉ፤ አስበውት ቢሆን እንኳ የሚፈርድባቸው እናት አትገኝም። ዐፄ ቴዎድሮስ የምኒልክን ማምለጥ ባወቁ ጊዜ በቍጣ ነደው አመዴን ከሌሎች የወሎ እስረኞች ጋር አስገደሉ፤ አስከሬናቸውም በአምባው ገደል ተወረወረ። ወይዘሮ ወርቂት ለልጃቸው ሞት ምክንያት የሆነው ይህ ስደተኛ ነው ብለው በእጃቸው ባለው ወጣት ላይ ሊበቀሉ ይችሉ ነበር። አላደረጉትም። ምኒልክ በሰላም ተሸኝተው ሸዋ ገቡ።

ወገኖቼ፣ ይህን ታሪክ የሚሰማ ክርስቲያን ረዓብን ማስታወሱ አይቀርም። ረዓብም የኢያሱን ሰላዮች በቤትዋ ጣራ ላይ ሸሽጋ፣ አሳዳጆቻቸውን በሌላ መንገድ ሸኝታ፣ የወገንዋ ያልሆኑትን ሰዎች ነፍስ አተረፈች። ነገር ግን ረዓብ ስለ ቸርነትዋ የአባትዋ ቤት ሁሉ ተረፈላት። ወይዘሮ ወርቂት ስለ ልጃቸው እንዲህ ያለ ምሕረት አላገኙም። ስለዚህ የእርሳቸው ምሳሌ ይበልጡን በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልእ የምትገኘው ሪጽፋ ናት። ሪጽፋ ልጆችዋ በተሰቀሉበት ዐለት ላይ ማቅዋን ዘርግታ፣ ቀን ወፎችን ሌሊት አራዊትን እየከለከለች ከመከር መጀመሪያ እስከ ዝናም ድረስ ቆየች። ሠራዊት አልነበራትም፤ አዋጅም አላስነገረችም። ነገር ግን ያደረገችው ለንጉሥ ዳዊት በተነገረው ጊዜ ንጉሡ ተነሥቶ የሙታኑን አጥንት በክብር አስቀበረ። ከዚያም በኋላ እግዚአብሔር ስለ ምድሪቱ የቀረበውን ልመና ሰማ። የአንዲት እናት ኀዘን ንጉሥን ወደ ጽድቅ መለሰ።

ከወይዘሮ ወርቂት አገር በሰላም ያለፉት ወጣት ከ24 ዓመት በኋላ ንጉሠ ነገሥት ተብለው በዚሁ በወሎ፣ በአምባሰል፣ ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ ሰፈሩ። የውጫሌ ውል የተፈረመው በዚያ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው። የውሉ 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በምታደርገው ግንኙነት በጣሊያን መንግሥት አጋዥነት ብትፈልግ ልትጠቀም እንደምትችል ይናገራል፤ በጣሊያንኛው ግን በግዴታ ያስራታል። ነጻነትን ከሞግዚትነት የለየው አንድ ቃል ነበር። የጣሊያኑ መልእክተኛ አንቶኔሊ ስለዚህ ቃል ሊከራከር በመጣ ጊዜ እቴጌ ጣይቱ ብጡል አንዲት እርምጃ ሳያፈገፍጉ ከባለቤታቸው ጋር ጸኑ። ውሉ በ1885 ዓ.ም. ፈረሰ። ጦርነቱ በማይቀር ጊዜም የክተት ጦር በወረኢሉ ተሰብስቦ ወደ ሰሜን ሲዘምት እቴጌይቱ አብረው ዘመቱ። በመቀሌ ምሽግ የመሸገው ጠላት የሚጠጣው ውኃ እንዲያዝበት የመከሩ እርሳቸው እንደ ሆኑ ይነገራል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ የሆነውን ዓለም ያውቃል፤ በቅኝ አገዛዝ ሥር የነበሩ ሕዝቦችም እስከ ዛሬ ያስታውሱታል።

ጌታችን በተራራው ስብከት ንግግራችን እውነቱን አዎን፣ ሐሰቱን አይደለም የሚል እንዲሆን፣ ከዚህ የወጣውም ከክፉው እንደ ሆነ አስተምሮናል። እቴጌ ጣይቱ በተንኰል የተጻፈን ቃል አንቀበልም ማለታቸው ለአገር ብቻ ሳይሆን ለእውነት መቆም ነበር። ሴት በምክር ስፍራ በተገኘች ጊዜ ምን እንደሚተርፍ ከዚህ እንማር።

ሦስተኛው ምስክር በደሴ ከተማ ቆሟል። በየቀኑ በደጃፉ የምናልፈው የወይዘሮ ስሒን ትምህርት ቤት ስሙን ያገኘው ከንጉሥ ሚካኤል ልጅ ከወይዘሮ ስሒን ነው። የወይዘሮ ስሒን ልጅ እቴጌ መነን አስፋው ደግሞ በ1920ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ በስማቸው የሚጠራውን የሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ሴት ልጅን ማስተማር ከንቱ ድካም ተደርጎ በሚቈጠርበት ዘመን የተከፈተ ደጅ ነበር። በስደታቸው ዘመንም አገራቸው ነጻ ብትወጣ ዘውዳቸውን ሊሰጡ ለእመቤታችን ተሳሉ፤ ከነጻነት በኋላም ዘውዱን በቤተ ልሔም ለሚገኘው የልደት ቤተ ክርስቲያን ላኩ። በ1954 ዓ.ም. ሲያርፉ ዘውዳቸው በቤተ ልሔም፣ ተማሪዎቻቸውም በየመሥሪያ ቤቱና በየቤታቸው ነበሩ። ቅዱስ ጳውሎስ የጢሞቴዎስን እምነት ሲያመሰግን አያቱን ሎይድንና እናቱን ኤውንቄን ሳይጠቅስ አላለፈም። በአንዲት እናት የተዘራው በልጅዋ በኩል ያፈራልና።

ቅድስት ቤተ ክርስቲያንም ይህን እውነት ደጋግማ አስተምራለች። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1995 ለሴቶች በጻፉት መልእክት ለእናቶች፣ ለሠራተኞች፣ ለደናግል በየስማቸው ምስጋና አቀረቡ፤ በታሪክ ለደረሰባቸውም በደል የቤተ ክርስቲያንን ኀዘን ገለጹ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2016 የትንሣኤን ብሥራት ለሐዋርያት ያደረሰችው የማርያም መግደላዊት መታሰቢያ በሐዋርያት ማዕረግ እንዲከበር አደረጉ።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ይህ ሁሉ የተነገረው ባለፉት እናቶች ስም እንድንመካ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ከሰሜን የተፈናቀሉ ወገኖች ወደ ደሴ በጎረፉ ጊዜ፣ ትምህርት ቤቶች መጠለያ በሆኑ ጊዜ፣ ከጎደለው ማድጋቸው ቀንሰው እንጀራ ተሸክመው የሄዱት እነማን ነበሩ? ነጠላ የለበሱና ሻሽ ያሰሩ የከተማችን እናቶች አይደሉምን? ብዙም ሳይቈይ በጥቅምት ወር መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። ከዚያ ወዲህ በየሰፈራችን ልጅዋን የቀበረች አለች፤ የልጅዋን መቃብር እንኳ የማታውቅም አለች። እነዚህ የዘመናችን ሪጽፋዎች ናቸው።

ለእነርሱ የሚገባን ምንድር ነው? አስቀድሞ ኀዘናቸውን እንስማ፤ ዳዊት ሰምቶ እንደ ተነሣ እኛም እንነሣ። ለቅሶ ቤት ሄደን ቡና ጠጥተን መመለስ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከ40ው ቀን በኋላ ደጃቸውን የሚረግጥ ይኑር። ሁለተኛ፣ በልጆቻችን ጆሮ የበቀልን ቃል አናፍስስ። ልጃቸውን ባጡበት ጊዜ የሌላውን ልጅ በሰላም የሸኙ እናት የዚህ ምድር ሴት ነበሩና፣ ከእኛ ምሕረት የሚጠብቅ ሁሉ አብዝቶ ጠየቀ አይባልም። ሦስተኛ፣ ሴቶች ልጆቻችንን እንመልከት። ኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ብዙ ወጣት ሴቶች ከገጠር መጥተው በኪራይ ቤት ተጠጋግተው ኖረዋል። ሌሎችም ትምህርታቸውን አቋርጠው ወደ ዐረብ አገር ይሄዳሉ። የላኩትን ገንዘብ በደስታ የሚቀበል ቤተሰብ፣ ምክራቸውንስ ተቀብሎ ያውቃልን? በቤታችን ጉባኤ፣ በሰበካችን ምክር ቤት፣ ስለ መሬትና ስለ ጋብቻ በሚደረገው ሽምግልና፣ የሴቶች ልጆቻችን ድምፅ ይሰማልን?

የማቴዎስ ሐረግ በማርያም ተፈጸመ። መልአኩ ባበሠራት ጊዜ እግዚአብሔር የአንዲት የናዝሬት ብላቴና ፈቃድ ጠየቀ እንጂ አላስገደደም፤ መልስዋንም ጠበቀ። ሰማይና ምድርን የፈጠረ ጌታ የሴትን መልስ ከጠበቀ፣ እኛ ሳንጠይቃት የምንወስንባት በምን ሥልጣን ነው?

አምላካችን ሆይ፤ የረዓብን ድፍረት፣ የሪጽፋን ጽናት፣ የእናትህን ትሕትና ለእናቶቻችንና ለእኅቶቻችን ስጥ። ልጆቻቸውን ያጡትን አጽናና፤ ለእኛም የምትሰማ ጆሮ፣ የምትከፈት ደጅ ስጠን። በእመቤታችን በቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት ወሎን በሰላም ጠብቅልን። አሜን።