«ምንም አያደርግም» ያለው ማን ነው?

ነሐሴ ላይ የሉማሜ ጤፍ በአረም ሲዋጥ፣ መርጫ ጀርባው ላይ አዝሎ ከማሳ ማሳ የሚዞር ወጣት አይጠፋም። ወንድሜ፣ ምናልባት አንተው ነህ። መድኃኒቱ እጅህ ላይ ሲፈስ «አይጎዳም?» ብትል መልሱ የታወቀ ነው፤ «ምንም አያደርግም!» እህቴ፣ አንቺም ጽሑፍ የሌለበት የፊት ቅባት ስትገዢ ይህንኑ ሰምተሻል። ለመሆኑ ምንም እንደማያደርግ የታወቀው በማን ቆዳ ላይ ነው?

ሳይንስ ለብዙ ዘመን «በጥንቸል» ሲል መልሷል። እ.ኤ.አ. በ1944 በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ይሠራ የነበረው ጆን ድሬዝ ከባልደረቦቹ ጋር አንድ ዘዴ አወጣ። የጥንቸሏ ጀርባ ይላጫል፣ ኬሚካሉ ይለጠፍበታል፤ ከዚያ ለቅላቱና ለእብጠቱ ከ0 እስከ 4 ነጥብ ይሰጣል። ቃሉ ጻድቅ ለእንስሳው እንደሚራራ ያስተምረናልና (ምሳሌ 12፥10) ይህን በቀላሉ አናልፈውም። ደግነቱ፣ ዛሬ ከሰው ሕዋስ በቤተ ሙከራ የሚያድግ ስስ ቆዳ አለ፤ የአውሮፓ ኅብረትም በእንስሳት የተፈተነ መዋቢያ እንዳይሸጥ እ.ኤ.አ. በ2013 ከልክሏል።

«እንግዲያው ፈተናው ይቅር» የሚል ግን አላሳመነኝም።

የእንዶድን ነገር አስቡ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ አጠገብ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ፣ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያ የሚተላለፈው በቀንድ አውጣ ነውና ግኝቱ ትልቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። የውጭ ተቋማት ግን ሰውን እንደማይጎዳ በቤተ ሙከራ ይረጋገጥ እያሉ ዓመታት አለፉ። ይህ ብዙዎቻችንን ያስቆጫል። ስንት ዘመን ሲያጥብበት የኖረው የእናቶቻችን እጅ ማስረጃ አይሆንም? እኔንም ይቆጨኛል። ሆኖም ደረቅ እንዶድ የወቀጠ ሰው ጠይቁ፤ ብናኙ ያስነጥሳል፣ ዓይን ይለበልባል። የእናቶቻችን እጅ ምስክር ነው፤ ምስክር ደግሞ ተጠይቆ ይደመጣል እንጂ «ደህና ነው» ተብሎ አይታለፍም።

ሳይፈተን የተሸጠ ነገር ከፈተና አላመለጠም። ፈተናው የተዛወረው ወደ ቀን ሠራተኛው ክንድ ነው፤ እሱ ደግሞ እየተፈተነ መሆኑን እንኳ አያውቅም። ከጥንቸሏ በምን ተሻለ?

ዳንኤልን ተመልከቱ። ጥራጥሬና ውኃ ይበቃናል ሲል ፈተናውን የለመነው በራሱና በሦስቱ ባልንጀሮቹ ላይ ነው። ቀኑንም ወሰነ፣ አሥር ቀን። ከዚያም ፊታችንን አይተህ ፍረድ አለ። አውቆ ገባበት፣ ልክ አበጀለት፣ የሚያይም ሰው ነበረ። እህቴ፣ ቅባቱን ከክንድሽ በውስጥ በኩል ጥቂት ቀብተሽ ሁለት ቀን ብትጠብቂ በራስሽ ላይ ነውና የዳንኤል ዓይነት ነው። የአረም መድኃኒት ግን በማንም ቆዳ አይሞከርም፤ ጓንት ይጠለቅለታል፣ መለያው ይነበባል።

ይህን የምጽፈው ንጹሕ ሆኜ አይደለም። አንድ ክረምት አንድ ልጅ ቀጥሬ ያለ ጓንት አስረጨሁት። ሲጠይቀኝም «ምንም አያደርግም» አልኩት፤ መለያውን ግን አላነበብኩም ነበር። በማግስቱ ሒሳቡን ሊቀበል መጣ። ቀኝ እጁን ጋቢው ውስጥ ደብቆ፣ ገንዘቡን በግራው ተቀበለኝ። «እስቲ አሳየኝ» አላልኩትም።