ከማርስ የመጣው ድንጋይ እና «ሼር» የምናደርገው ወሬ



በጋምቤላ ክልል ዲማ አካባቢ ወርቅ የሚያጥብ ሰው አይታችሁ ከሆነ፣ የሚያብለጨልጭ ነገር ባየ ቁጥር እንደማይጮህ ታውቃላችሁ። ውሃውን ያዟዙራል። ቀላሉ አብለጭላጭ ከውሃው ጋር ይሄዳል፣ ወርቅ ከባድ ነውና ከገበቴው ሥር ይቀራል። ከተጠራጠረም ይቀጠቅጠዋል፤ ወርቅ ይለጠጣል፣ ወርቅ መሳዩ ይፈረካከሳል።

ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ ሌላ ድንጋይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 በአንታርክቲካ በረዶ ላይ ከሰማይ የወደቀ፣ ሁለት ኪሎ የማይሞላ ድንጋይ ተገኘ። መጀመሪያ ከአስትሮይድ የመጣ ተብሎ ተመዘገበና ወደ ዘጠኝ ዓመት ገደማ በዚያው ስም ተቀመጠ። በኋላ ማዕድናቱ በደንብ ሲመረመሩ ከማርስ የተፈነቀለ ሆኖ ተገኘ! ዕድሜው ከ4 ቢሊዮን ዓመት በላይ ነው። ሱብሓነላህ።

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1996 የናሳው ዴቪድ ማኬይና ባልደረቦቹ በዚህ ድንጋይ ውስጥ የጥንት ሕይወት ምልክት ሳናገኝ አልቀረንም አሉ። በውሃ የሚፈጠሩ የካርቦኔት እንክብሎች አሉ። ባክቴሪያ የሚሠራውን የሚመስል ማግኔታይት አለ። ካርቦን ያላቸው ውህዶችም አሉ። ከሁሉም በላይ ዓለምን ያነጋገረው በማይክሮስኮፕ የታየው ትል መሳይ ቅርጽ ነበር። ፕሬዚዳንት ክሊንተን ሳይቀሩ ካሜራ ፊት ቆመው ተናገሩ።

ከዚያ ማጣራቱ ቀጠለ። ትል መሳዮቹ ለሕያው ሕዋስ እጅግ ያነሱ ናቸው ተባለ። ማግኔታይቱ ያለ ባክቴሪያም በሙቀት ሊፈጠር እንደሚችል ታየ። በ2022 ደግሞ የአንድሪው ስቲል ቡድን የካርቦን ውህዶቹ ውሃና ድንጋይ ሲገናኙ የተፈጠሩ ናቸው ብሎ አሳተመ። ዛሬ አብዛኛው ተመራማሪ ያንን ድንጋይ የሕይወት ማስረጃ አድርጎ አይቀበለውም።

ሩቅ አገር አይምሰላችሁ። በእኛው አፋር፣ ከባሕር ወለል በታች ባለው ዳሎል ላይ በ2019 ተመሳሳይ ክርክር ተነስቶ ነበር። አንድ ቡድን በጨውና አሲዱ ውስጥ ጥቃቅን ሕያዋን አገኘሁ አለ። ሌላው ቡድን ደግሞ እጅግ በከፉት ኩሬዎች ውስጥ ሕይወት አላገኘሁም፣ ሕዋስ የሚመስሉ የማዕድን ቅንጣቶች ግን አሉ አለ። ቅርጽ ብቻውን ምስክር አይሆንም ማለታቸው ነው።

እኔን የሚገርመኝ ማኬይ መሳሳቱ ወይም አለመሳሳቱ አይደለም። ሰውየው ማስረጃውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ «ፈትኑት» ብሏል፤ ይህ ክብር ነው። የሚያሳስበኝ የእኛ ነገር ነው። እንዲህ ያለ ዜና ሲወጣ በደቂቃ ውስጥ «ይህ በቁርኣን ተነግሯል!» ብለን እንለጥፋለን። ዜናው ነገ ቢፈርስስ? የአላህን ቃል ገና እየተጣራ ካለ ግምት ጋር ያሰረው ማን ነው? ጓደኛህ «የት አለ ያ ተአምር?» ቢልህ ምን ትመልሳለህ?

ማርስ እንኳን ሩቅ ነው፣ ማንም አይጎዳበትም። በከተማችን ግን «እነ እገሌ እንዲህ አደረጉ» የሚል አንድ የድምፅ መልእክት ሱቅ ሊያዘጋ፣ ጎረቤትን ከጎረቤት ሊያጣላ፣ ደምም ሊያፋስስ ይችላል። ሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣ አጣሩ ብላ ያዘዘችን፣ ሳናውቅ ሰው ጎድተን በኋላ እንዳንጸጸት ነው። ስለዚህ ዛሬ ማታ ስልክህ ላይ እንዲህ ያለ መልእክት ሲመጣ ማን አየው፣ መቼ፣ የት ብለህ ጠይቅ። መልስ ከሌለው አንተ ጋር ይቅር።

ሱረቱል ከህፍን መቅራትና በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሰለዋት ማብዛት እንዳትረሱ። ጁምዓ ሙባረክ!