ካሜራውን ተዉትና ወደ ኤዲቲንግ ክፍል ግቡ

ልጆቼ፣ ዘጋቢ ፊልም ልትሠሩ የተነሣችሁ ሁሉ ቀድማችሁ የምትጠይቁኝ ስለ ካሜራ ነው። የቱ ይሻላል? ዋጋውስ ስንት ነው? ካሜራ ይገዛል፣ ይከራያል፤ አያያዙም ይለመዳል። እኔ የምመክራችሁ ኤዲተሩ አጠገብ ወንበር ስባችሁ እንድትቀመጡ ነው። የሙያው ኃይልም ኃጢአቱም ያለው እዚያ ነው።

በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ለአገሩ ቴሌቪዥን አቀረበ። ያየው ሁሉ ደነገጠ፣ እርዳታም መጣ። ያው ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ምሽት በእኛ ቴሌቪዥን ታየ፤ ነገር ግን ደርግ በረሃብተኞቹ መካከል የቤተ መንግሥቱን ግብዣና ድሎት እየሰካ አስቆርጦት ነበር። በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋን ወርደው በቮልስዋገን ተወሰዱ። ፊልሙ ነው ያወረዳቸው የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም፣ ሥልጣኑ ከእጃቸው ከወጣ ወራት አልፎት ነበር። የተቀጠለው ምስል ግን ሕዝቡን ለስንብቱ አዘጋጅቶታል። ረሃቡ እውነት፣ ግብዣውም እውነት፤ ሦስተኛውን ትርጉም የወለደው መቀስ ነው።

ዐሥር ዓመት አለፈ። የንጉሡን ድብቅ ረሃብ ያጋለጠው ደርግ በ1977 መግቢያ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት ሲያከብር የራሱን ረሃብ ደበቀ። ቴሌቪዥናችን በቀለም ማስተላለፍ የጀመረው ለዚያው በዓል ነበር! ሰልፉና ባንዲራው አምሮ ሲታይ ኮረም ላይ ሰው ይረግፍ ነበር። ለዓለም ያሳዩት ኬንያዊው ካሜራማን መሐመድ አሚንና የቢቢሲው ማይክል በርክ ናቸው፤ ጥቅምት 13 ቀን።

እናም የአንዱን ስፍራ ለቅሶ በሌላው ስፍራ ምስል ላይ አትደርቡ። ጥሬ ቀረጻችሁን አትጣሉ፤ ነገ ሌላ ሰው ቢቆራርጠው ዋናው በእጃችሁ ይኑር። ከምስሉ በፊትና በኋላ ምን እንደሚገባ ሳታውቁ ፊልም አታስረክቡ። አለቃችሁ “ይህቺን አውጧት፣ ያቺን አስገቧት” ሲላችሁ ተከራከሩ። እምቢታ እንጀራ ሊያሳጣ እንደሚችል አውቃለሁ፤ ቤተሰብ ያለበትን ሰው ጀግና ሁን ብዬ አላስጨንቅም። ቢያንስ ግን ስማችሁ ከፊልሙ ላይ እንዲነሣ ጠይቁ።

ዛሬም በእጃችሁ ያለ ቀረጻ ካለ፣ ቀኑን፣ ቦታውንና የተቀረጸውን ሰው ስም ሳትጽፉበት አትደሩ።