እንግዳው በረኛ

ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ የነጋዴዎችን ሒሳብ በመሥራት የሚተዳደር አንድ ወዳጅ አለኝ። ያለው ኮምፒዩተር አንድ ነው። በዚያ አንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ግን የብዙ ሰው ጓዳ አለ፤ ማን ከማን እንደተበደረ፣ የትኛው ደማቅ ሱቅ ውስጡ ባዶ እንደሆነ፣ የትኛው ባል ሚስቱ የማታውቀውን ዕዳ እንደተሸከመ። «እኔ እኮ የንስሐ አባት ነኝ፤ ልዩነቱ የሚመጡብኝ በግብር ወር ብቻ ነው» እያለ ይቀልዳል።

ኮምፒዩተር የተማረ የእህቱ ልጅ አንድ ቀን መጣና፣ «አቦ ጋሼ፣ ይኼ ዕቃ እኮ በሩ ተከፍቶ ነው የሚያድረው!» አለው። ለጥበቃ ብሎ ሌላ ዕቃ መግዛት ለወዳጄ አልተዋጠለትም። ስለዚህ ልጁ በዚያው ኮምፒዩተር ሆድ ውስጥ ሌላ ኮምፒዩተር ፈጠረ። ይኸኛው አካል የለውም፤ ከባለቤቱ ራም ጥቂት፣ ከዲስኩም ጥቂት ተቆርሶለት በሶፍትዌር የሚኖር ነው። ቨርቹዋል ማሽን ይሉታል። የኔትወርክ ካርዱን ለዚህ ለማይታየው አስረከበው፤ ባለቤቱ በካርዱ በኩል የራሱ አድራሻ እንዳይኖረው አደረገ። ከውጭ የሚመጣው ሁሉ አስቀድሞ እዚያ ይደርሳል፤ ደንቡ ይነበብበታል፤ ካለፈ ብቻ፣ በሐሳብ ሽቦ በኩል ወደ ባለቤቱ ይገባል። ፋየርዎሉ ይኸው ነው።

የሙያው ሰዎች ትልቁን ማሽን «አስተናጋጅ»፣ በውስጡ የሚኖረውን «እንግዳ» ይሉታል። እንግዳን ከፍ ያለው መደብ ላይ አስቀምጦ ማጉረስ ወግ በሆነበት አገር፣ እንግዳን በር ላይ አቁሞ «ጠብቀኝ» ማለት ያስቃል። ሳቁ ሲያልፍ ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ለመሆኑ በሚጠብቀው ሰው እንጀራ የሚያድር፣ ያውም በሚጠብቀው ቤት ሆድ ውስጥ የሚኖር ዘበኛ፣ እውነት ዘበኛ ነውን? ባለቤቱ ሲታመም አብሮ ይታመማል። ሌባው በሌላ መንገድ አንዴ ባለቤቱ ዘንድ ከደረሰ፣ ዘበኛውን እንደፈለገ ያዘዋል፤ የእንግዳው ትንፋሽ ሁሉ በባለቤቱ እጅ ነውና። ጥንቁቆቹ ባለሙያዎች ዘበኛው ቤቱን ለይቶ ከግቢው በር ላይ ይቁም የሚሉት ለዚህ ነው።

ክርክሩን እቀበላለሁ። ድሬዳዋ ያደገ ሰው ግን ሌላም ነገር ያውቃል። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደርሶ ከተማዪቱን ከፈጠራት ወዲህ፣ ከጅቡቲ የተነሣው ዕቃ ደወሌ ላይ ድንበሩን አልፎ፣ ወደ 200 ኪሎ ሜትር የሚሆን የኢትዮጵያ መሬት አቋርጦ፣ ከተማችን ጉምሩክ ደርሶ ይፈተሽ ነበር። በሩ ሳሎኑ ውስጥ ነበረ ማለት ነው። እንዲህ ያለ በር ሥራውን የሚሠራው ፉርጎው በመንገድ ላይ እስካልተከፈተ ድረስ ነው። በመንገድ የወረደውን ደግሞ ቀፊራ ገበያ ያውቀዋል።

የወዳጄም ኮምፒዩተር ነገር ከዚህ አይርቅም። ካርዱ በድልድይ ዘዴ ብቻ ተገናኝቶ ከሆነ፣ የባለቤቱ ሶፍትዌር እሽጉን ባይፈታውም ይነካዋል። ፕሮሰሰሩ የሚችል ከሆነ ካርዱን እንዳለ ለእንግዳው መስጠት ይቻላል፤ ያኔ ባለቤቱ እጁን አያስገባም። ፖላንዳዊቷ ዮአና ሩትኮፍስካ ከባልደረቦቿ ጋር የሠራችው፣ የመጀመሪያ ዕትሙ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ኪውብስ የሚባለው ሥርዓት የቆመው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው፤ ካርዱን ለአንድ እንግዳ፣ ፋየርዎሉን ለሌላ እንግዳ ይሰጣል።

እንግዳውን ያሠረው ገመድ ሊበጠስ መቻሉም አይካድም። እ.ኤ.አ. በ2015 «ቬኖም» የተባለ ስሕተት ተገኘ። ኪውኢሙ በሚባለው ሶፍትዌር ውስጥ፣ እንግዳው ግድግዳውን በስቶ ወደ ባለቤቱ የሚያልፍበት ቀዳዳ ነበር። ቀዳዳው የነበረው የት ቢሆን ጥሩ ነው? ማንም በማይጠቀምበት በፍሎፒ ዲስኩ ክፍል! ከ2004 ጀምሮ ተኝቶ ኖሯል። በእንግዳ ማመን ማለት የተረሳ ጓዳን ሁሉ ማመን ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን በረኛውን የማይነካው ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ እንዳጋለጠው፣ በውጭ አገር ለሚሠሩ የኢሳት ጋዜጠኞች የተላከው የስለላ ሶፍትዌር የመጣው በስካይፕ፣ ሰነድ መስሎ ነበር። በር አልሰበረም፤ ባለቤቱ በገዛ እጁ እንዲከፍትለት ነበር የለመነው። እንዲህ ላለው ጣጣ እንግዳው በረኛ ምን ይበል? ጌታው «የኔ ሰው ነው፣ አስገባው» ብሎታል።

አሁን ወደ ወዳጄ ልመለስ። በሐምሌ፣ የደረጃ «ሐ» ግብር ከፋዮች በሩን ባጨናነቁበት ሰሞን፣ ኮምፒዩተሩ መንፏቀቅ ጀመረ። ለሁለት የሚበቃ ራም የለውማ! ወዳጄ ልጁ ያሳየውን አስታውሶ እንግዳውን አጠፋ፤ ካርዱን ለባለቤቱ መለሰ። ሁለት ቀን ያለ በረኛ ሠራ። ምንም አልሆነም። ሲያጫውተኝም «ማሽኑ የኔ፣ በረኛውም የኔ፤ ምን አጠፋሁ?» አለኝ።

ምንም አለመሆኑ መልስ አይደለም። የደቻቱ አሸዋ በአብዛኛው የዓመቱ ቀን ደረቅ ነው፤ ሰው ያቋርጠዋል፣ ይነግድበታል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ አንድ ሌሊት ግን ጎርፉ ወርዶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ከዚያ በፊት በደረቁ ያለፉት ቀኖች ወንዙ ደግ ለመሆኑ ምስክር አልነበሩም። ወዳጄም ሁለቱን ቀን ያለፈው በዕድል ነው፤ ዕድሉን ደግሞ የቆረጠው ከሰው ኪስ ነው። ማሽኑ የሱ ነው፤ ዕዳው፣ ኪሳራው፣ ምስጢሩ ግን የሱ አይደለም። አደራ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ማጥፋቱ የቀለለው መሆኑ ነው። የሰው ዘበኛ ቢሆን ኖሮ ሲሰናበት ዓይኑን ማየት ያስፈልጋል፤ ሰፈሩም ይሰማል፤ ጎረቤት «ምነው ዘበኛህ?» ይላል። ይኸኛው እንግዳ ግን ሲባረር አያኮርፍም፣ አያማም። ጠባቂ ስለማይናገር ብቻ ባለአደራው ይበልጥ ተናጋሪ መሆን አለበት ባይ ነኝ። ዘበኛ ላቁም ብሎ ቃል አልገባ ይሆናል፤ አለ ብለው የተኙትን ሰዎች «ዛሬ የለም» ብሎ መቀስቀስ ግን ይገባው ነበር። ሰው ይሸሸኛል ብሎ ቢፈራ እንኳ።

ይህን ስነግረው ተቆጣ። ከሳምንት በኋላ ግን ቀፊራ ጨርቅ ለምትሸጥ አንዲት ደንበኛው የሆነውን ሁሉ ነገራት። እስኪጨርስ አዳመጠችው። ደረሰኞቿን አጣጥፋ ቦርሳዋ ከተተች።

«አሁንስ ጋሼ፣ የዚህ የበረኛው ቁልፍ ማን ጋ ነው?»

«የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ልጁ ነው።»

«ልጁስ?»

«አዲስ አበባ ሄዷል» አላት።