ፈተናው ማንን ይፈትናል?

ቦታው ለጥቂቶች ብቻ የሚበቃ ትምህርት ቤት፥ ብዙዎች በሩን ሲያንኳኩ ማንን ማስገባት ይገባዋል? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት የመዝገብ ቤት ሥራ ብቻ ይመስላል፤ ጠለቅ ብለን ስንመረምረው ግን የፍትሕ ጥያቄ ሆኖ እናገኘዋለን።

ነገሩ በአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1935 ዓ.ም. በኮተቤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፥ በ1938 ዓ.ም. ደግሞ የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ሲከፈቱ፥ አልጋቸው ጥቂት፥ ፈላጊያቸው ብዙ ስለ ነበረ ተማሪዎቻቸውን እየመረጡ ይቀበሉ ነበር። ዛሬም በአማራ ክልል እንደ ደሴው ያሉ ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች፥ 8ኛ ክፍልን ካጠናቀቁት መካከል በፈተና ብልጫ ያሳዩትን መርጠው ይቀበላሉ። በፍኖተ ሰላም፥ በቡሬና በምዕራብ ጎጃም ገጠር ያለ ትጉህ ልጅ ተስፋውን በዚህ ፈተና ላይ ቢጥል አይፈረድበትም።

ጎጃም ግን ሌላ ልማድም ታውቃለች። እንደ ዋሸራ ባሉት የቅኔ ጉባኤዎች ደጃፍ የመግቢያ ፈተና የለም፤ አኩፋዳውን አንግቶ የመጣ ሁሉ ይገባል። ፈተናው ከገባ በኋላ በየዕለቱ ነው። ደቀ መዝሙሩ የቆጠረውን ቅኔ በመምህሩ ፊት ያቀርባል፤ ምሥጢሩ ቢጎድልበት ይታረማል፤ በማግስቱም ሌላ አዲስ ይዞ ይመለሳል። በዚያ ጉባኤ ፈተና የትምህርቱ አካል ነው እንጂ የበሩ ዘበኛ አይደለም። ይሁን እንጂ ይህ የሚቻለው ተማሪው ቀለቡን ለምኖ፥ ጎጆውን ራሱ ቀልሶ ስለሚኖር ነው። መምህርና አልጋ፥ ቀለብና ቤተ ሙከራ በመንግሥት ወጪ የሚቀርብበት ትምህርት ቤት ግን ወሰን ስላለው መምረጡ ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ መምረጥ በራሱ በደል ነው አንልም።

ከመምረጫ መንገዶች ሁሉም ፈተና የከፋው አይደለም። ፈተና ቢቀር ቦታው ባዶ አይቀመጥም፤ ዘመድ ያለው፥ ደጅ የሚጠናለት፥ እጅ መንሻ የሚያቀርብ ይይዘዋል። ቻይናውያን እስከ 1905 እ.ኤ.አ. ድረስ ለብዙ መቶ ዓመታት ሹማምንታቸውን በጽሑፍ ፈተና ሲመርጡ ኖረዋል። ነገር ግን ልጁን ከእርሻ ሥራ አሳርፎ ለዓመታት መምህር ሊቀጥርለት የሚችለው ባለጠጋው ስለ ነበረ፥ በሩ የተከፈተ ቢመስልም መንገዱ ለሁሉ የተጠረገ አልነበረም።

አበው «ፈረሱም ይኸው፥ ሜዳውም ይኸው» ይላሉ። ፈተናም ለተፈታኞቹ ሁሉ እንዲሁ የሚል ይመስላል። ሜዳው በእርግጥ አንድ ነው፤ ጥያቄውም ሰዓቱም እኩል ነው። ፈረሱ ግን አንድ አይደለም። የከተማው ልጅ መብራትና መጽሐፍ፥ አስጠኚና ያለፉት ዓመታት ጥያቄዎች ይቀርቡለታል። የወምበርማ ወይም የደጋ ዳሞት ገበሬ ልጅ ከብት አግዶ፥ በመኸር ወራት አዝመራ ሰብስቦ፥ እኅቱም ውኃ ቀድታ፥ ረጅም መንገድ በእግር ተጉዘው ይማራሉ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ግጭት የብዙ ትምህርት ቤቶችን በር በመዝጋቱ፥ መምህሩን ያጣው ልጅ ብዙ ነው። ያልተማረውን የተጠየቀ ልጅ ባይመልስ፥ ወደቀ የምንለው ማንን ነው?

ለዚህ ጥያቄ የ12ኛ ክፍል ፈተና ምስክር ይሆነናል። ኩረጃን ለመከላከል ተፈታኞች በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተሰብስበው በተፈተኑበት በ2014 የትምህርት ዘመን፥ ግማሽና ከግማሽ በላይ ነጥብ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆኑ፤ በ2015 ደግሞ ከመቶ 3.2። ከመቶ ልጆች ዘጠና ስድስቱ ሰነፎች ናቸው ብሎ የሚያምን ሰው አይገኝም። ስለዚህ ያ ፈተና የፈተነው ልጆቹን ብቻ ሳይሆን ያስተማርናቸውን እኛን ጭምር ነው። አንዳንድ ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ግን ተማሪዎቻቸውን በሙሉ አሳለፉ። ይህም የሆነው ጎበዞችን መርጠው ስለ ተቀበሉ ነው ወይስ መምህርና መጽሐፍ፥ እንጀራና ዕረፍት ስለ ሰጧቸው? ሁለቱም ነው ብንል ሳይሻል አይቀርም። ሁለተኛው ግን ለተመረጡት ብቻ የሚገባ ስጦታ አይደለም።

እንግዲህ ፈታኙ አስቀድሞ ተፈታኝ ነው። ፈተና ማውጣት «የምንጠይቅህን አስተምረንሃል» ብሎ ቃል መግባት ነውና። ባለሥልጣኑ የምዝገባው ማስታወቂያ እስከ ሩቁ ቀበሌ በጊዜ መድረሱን ይመልከት። መምህሩም ዝግጅት ማለት ያለፈውን ዓመት መልስ መሸምደድ አለመሆኑን ያስተምር፤ ምክንያቱን የተረዳ ልጅ ጥያቄው ቢለወጥበትም አይደነግጥምና።

ምርጫውም ከየወረዳው ብልጫ ላላቸው ድርሻ ቢመድብ፥ ልጁ የሚወዳደረው በእርሱ ዓይነት ፈረስ ከጋለቡት ጋራ ይሆናል። ይህ የትምህርቱን ደረጃ ዝቅ ያደርጋል የሚሉ ይኖራሉ። እኛ ግን ያለ መጽሐፍና ያለ አስጠኚ በጥቂት ነጥብ ብቻ የተቀደመ ልጅ፥ ሁለቱን ያገኘ ዕለት የቀደሙትን ሊደርስባቸው እንደሚችል እናምናለን።

ለተማሪዎችም አንድ ቃል አለን። የተመረጠው፥ ወንበሩ የብልኅነቱ ደመወዝ ብቻ እንዳይመስለው፤ የሚቀለበው እርሱ የሚቀመጥበትን ወንበር ሳያዩ ከሚያርሱ ሰዎች ግብር ነውና ብድር አለበት። ያልተመረጠውም የአንድ ቀን ወረቀት የሰውነቱ ሚዛን አለመሆኑን ይወቅ። ወረቀቱ በዚያ ቀን የሚያውቀውን ይናገራል፤ ቢማር ሊያውቅ የሚችለውን ግን አይናገርም። ያንን የማወቅ ዕዳ በእኛ ላይ ነው።